ያጠብሽው እግር የማን ነው?

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ግንቦት 1970 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ፣ መምህር ዘርአ ዳዊት፣

«እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። ሌላ ጊዜ የወግ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ከልቤ እየጠየቅሁዎ ነው። አሉ ወይ?

ፊትዎን አይቼ አላውቅም። እርስዎም የሚያውቁኝ በፖስታ በላክሁልዎ ወረቀት ብቻ ነው። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ፊደል ወንድሞቼ ሲማሩ ከጀርባቸው ቆሜ ለቀምኩ። የቀረውን ያስተማረኝ ወዳጄ ዙቤዳ ከአልዩ አምባ የምታመጣልኝ በርበሬ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። መጨረሻው የተቀደደ ወሬ ሳነብ ኖርኩ። የጤና አጠባበቅ ትምህርት በፖስታ እንደሚሰጥ ያየሁትም እዚያው ጥቅል ላይ ነው፤ በርበሬውን አራግፌ አነበብኩት።

ከየትምህርቱ በኋላ «የሐሳብ ገጽ» ጽፈን እንድንልክ ያዙን ነበር። ምን ተማሩ? ምን አሰቡ? በኑሮዎ ውስጥ የት አገኙት? በመጀመሪያው ገጽ ውሃ አፍልቼ እንደጠጣሁ ጻፍኩና ላክሁ። በቀይ እስክሪብቶ መለሱልኝ፦ «ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ያደረጉትን ጽፈዋል። የተሰማዎትን ግን አልጻፉም።» በሚቀጥለውም እንዲሁ አሉኝ። ምን ላድርግ? በቤታችን የሴት ሐሳብ የሚጠየቀው ወጡ ጨው ያነሰው እንደሆነ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ደመቀች የወንዝ ውሃ ሳታፈላ እንደምትጠጣ ከነስሟ ጻፍኩ። ስሟን በብርሃን እንኳ ቢያዩት እንዳይነበብ አድርገው አጠቆሩትና ከጎኑ «የሰው ስም አያስፈልገንም፤ የእርስዎ ሐሳብ ይበቃል» ብለው ጻፉ። አኩርፌ ነበር። ሐሜተኛ ያሉኝ መስሎኝ።

በጥር የቁስል አያያዝ ትምህርት ደረሰኝ። በዚያው ሰሞን የዙቤዳ ወንድም ፈረጅ ከአዲስ አበባ እያነከሰ መጣ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆስሏል። «እሾህ ወግቶት ነው» አለችኝ ዙቤዳ ዓይኔን ሳታይ። እሾህ እንደዚያ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው አይወጣም። እኔም «አዎ፣ የቆላ እሾህ ክፉ ነው» አልኩ። ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አጠብኩት። ጨርቅ ነክሶ ቻለው። በሳምንቱ መግሉ ደረቀ። ደስ ብሎኝ በሐሳብ ገጼ ላይ ጻፍኩት፦ በአንድ ወዳጄ ቤት ያረፈ እንግዳ እግሩን ቆስሎ አጥቤ አዳንኩት፣ ብዬ። ስም አልጻፍኩም። ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት።

በመጋቢት ገጹ ተመለሰ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ነው፤ ቀበሌ ተጠርቼ ነው የተቀበልኩት። እዚያው በር ላይ አነበብኩት።

«ጓድ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ያጠብሽው እግር የማን ነው? ቤቱስ የማን ነው? በሚቀጥለው ገጽ ስምና ቦታ ጠቅሰሽ አብራሪ።»

ቀለሙ ቀይ ነው። ከታች የተጻፈው ስምም የእርስዎ ነው። እጁ ግን የእርስዎ አይደለም። ያን ጊዜ ነው የደመቀችን ስም ለምን እንዳጠቆሩት የገባኝ።

በገበያው ቀን ቁልቁለቱን ወርጄ ዙቤዳን ከበርበሬ ጆንያዎቿ መሀል አገኘኋት።

«ዙቤዳ፣ ጉድ ሆነናል» አልኳት።

«መቼ ጉድ ሳንሆን ቀርተን እናውቃለን? ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

በጆሮዋ አነበብኩላት። ሚዛን የያዘ እጇ ባለበት ቀረ።

«ስሜን ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም።»

«ወላሂ በይ።»

«በማርያም።»

«እሺ፣ በማርያምም ይሁን።» ትንፋሿን ለቀቀች። «ያ ረቢ! በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ያስተማርኳት ሴት ልታስጨርሰኝ ነው። ከዛሬ ወዲያ በርበሬሽ የሚጠቀለለው በኮባ ቅጠል ነው!»

ሳቅን። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ፈረጅን ወደ ቆላ አሻግረነዋል። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ ወዴት እገባለሁ?»

«ምንም አልጽፍላቸውም፤ ዝም እላለሁ።»

«ዝም ያለ ሰው ቤት ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቄ! ተማሪዋ አንቺ።»

ዳገቱን ስወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ደጋግሜ ቆምኩ። አብሮኝ የሚቆመው ግን የራሴ እግር ድምፅ ብቻ ነበር። መልሱ የመጣልኝ እዚያ ላይ ነው። እግሩ የእኔ ቢሆንስ? የቄስ ልጅ ለማታውቀው ወንድ ስለ ባቷ አትጽፍም፤ አፍራ «እንግዳ» ብትል ማንም ያምናል። ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት፦ «እግሩም ቤቱም የራሴ ነው። ሣር ሳጭድ ማጭድ ቆረጠኝ። ስለ ራሴ መጻፍ አፍሬ ነው።»

የጎደለው ቁስሉ ነበር።

ማጭዱን በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። በሩን ዘጋሁ። ማጭዱን ባቴ ላይ አሳረፍኩ። የዙቤዳን ልጆች አሰብኩና ጎተትኩት።

በነጋታው ደመቀች በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። አሁን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተመራጭ ናት፤ የማታውቀው ነገር አለ ሲባል አትወድም። «ተማሪዋ! ምነው እንደ ዶሮ ታነክሻለሽ?»

«ያ የድሮ ቁስሌ አገርሽቶብኝ ነው።»

«እ፣ እሱ!» አለች፣ እንደምታውቅ ሁሉ።

ባለፈው ሰኞ ሁለት ሰዎች ከደብረ ብርሃን በመኪና መጡ። አንዱ ገጼን ይዟል። ደመቀችም እነሱን ተከትላ ገባች። «እግርሽን አሳዪ» አለኝ ገጼን የያዘው። ቀሚሴን ገለጥኩ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ጎንበስ ብሎ አየውና «ይህ የጥር ነው?» አለ። ቀሚሴን ወደ ታች መለስኩ።

ደመቀች ቀደመችኝ። «ጓድ፣ እሷን አይጠይቋት፤ ዓይነ አፋር ሴት ናት። እኔን ይጠይቁኝ! ከስንት ጊዜ ጀምሮ እያገረሸ የሚያሠቃያት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰውየው ወረቀቱን አጠፈ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለና «ትምህርቱን እንዳታቋርጪ። የሚቀጥለውን ገጽ እንጠብቃለን» አለኝ።

መምህር፣ ይህ ግን ለእርስዎ የተጻፈ ገጽ ነው። ያደረግሁትን ጻፍኩልዎ። የተሰማኝንም ልጻፍ። ጨው ያለበት ውሃ ያቃጥላል፤ ትምህርቱ ላይ አልነበረም። ፈረጅ ጨርቅ የነከሰው ለምን እንደሆነ በራሴ እግር አወቅሁት። እፈራለሁ። የመኪና ድምፅ እፈራለሁ። የደመቀችን ምላስ፣ ያዳነኝን ያንኑ ምላስ፣ እፈራለሁ። የአልዩ አምባ ገበያ ደርሶ ዙቤዳን በቦታዋ እስካያት ድረስ ቀን እቆጥራለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ያ ቀይ እስክሪብቶ ከእጅዎ ሲወሰድ እጅዎ ምን እንደሆነ ማሰቡ ነው።

ይህን ለፖስታ አልሰጥም። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ ነገ ጭቃና ጭድ አቡክቼ ስመርገው ደብዳቤውን ከውስጥ አኖረዋለሁ። አንድ ቀን በራስዎ እጅ የተጻፈ አንዲት መስመር ከደረሰችኝ፣ ግድግዳውን አፍርሼ እልክልዎታለሁ።

እስከዚያው ለዚያ ሰው በየጊዜው ገጽ እልክለታለሁ። ውሃ አፈላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ቤቴን ጠረግሁ እለዋለሁ። የተሰማኝን ግን አልጽፍለትም።

ተማሪዎ፣
ወለተ ጊዮርጊስ