አየር ወይስ ሽቦ

ረቡዕ፣ ግንቦት 4 ቀን 2002

ዊዩአል ነው ይሄን ያመጣብኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ፒክአፗ ከገዛ በራችን ሳትርቅ ጭቃ ዋጣት። አንዱ የኋላ ጎማ ይሽከረከራል፣ ሌላው እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። የሰፈራችን የአትላባራ ሰው ሁሉ ወጥቶ ገፋ። አጥቤ ያሰጣሁት አንሶላ ጭቃ ለበሰ። ይቅርታ እንኳ የለም። እንዴት ይበል? የልጄ ባል ነው። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ አማች ለአማቱ ክብሩን የሚያሳየው በመራቅ ነው። እሷ ፊት አይበላም፣ አይን አይኗን አያይም፣ የሚለው ካለው በሚስቱ በኩል ይልካል። ወጣት ሳለሁ ደስ የሚል ወግ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋ የኔ ናት። እዚህ ጁባ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሻይ ሸጬ የገዛኋት። የሚነዳት ግን እሱ ነው።

ማታ ከቦር ተደወለ። የእህቴ የኛዳክ ልጅ ነው፤ ወታደር ነው፣ እዚያ ተመድቦ እናቱን ይዞ ይኖራል። አይኗ ጠፍቷል፣ እግሯ አብጧል አለኝ። "ጁባ ውሰዱኝ፣ እህቴ ቤት ልሁን" ትላለች። የኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ሲበተን እሷ ወደ ሱዳን ሸሸች፣ እኔ ጋምቤላ ቀረሁ፤ ጁባ የመጣሁት ኋላ ነው። ያኔ ልጄ ኛዋል ጡት ትጠባ ነበር። ዛሬ እሷም ታጠባለች... ከእህቴ ጋር ግን ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

ዊዩአል በኛዋል በኩል እንዲህ አለ፤ የቦር መንገድ በዝናብ በዚች መኪና አይሞከርም፤ ዲፈረንሻሉ ላይ ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚያስር ሎክ ይግባላት፣ ከዚያ እንሄዳለን። ይግባላት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

ሦስታችንም ካቶር ሰፈር፣ ሺፋ ጋራዥ ሄድን። ሺፋ የጅማ ልጅ ነው፣ ወሬ ይወዳል።

"እማማ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በአየር ነው። ኮፈኑ ሥር ትንሽ ኮምፕሬሰር ይታሰራል፣ ከሱ ቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቁልፉን ሲጫኑት አየሩ ገፍቶ ጎማዎቹን ያስራቸዋል። ሌላው በኤሌክትሪክ ነው። ሽቦ ብቻ። ሲጫኑት ማግኔት ይይዘዋል፣ አለቀ።"

"የቱ ይሻላል?"

"ሁለቱም ይሻላሉ።"

"ከምን?"

"ከመግፋት!"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አሰብኩ። በአየሩ ኮምፕሬሰር አለ፣ ቱቦ አለ፣ የቱቦው መገጣጠሚያ አለ... የሚበላሸው ብዙ ነው። ሽቦው ይሻለኛል አልኩ። "ሽቦውም ውሃ ከገባበት ያመዋል" አለ። ይመመው።

ዊዩአል ጀርባውን ሰጥቶን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። "ኛዋል፣ ለእናትሽ ንገሪያት። በአየር የሚሠራው ጎማም ይነፋል። ጭቃ ላይ ጎማውን ታስተነፍሻለሽ፣ ስትወጪ መልሰሽ ትነፊዋለሽ። ሽቦ ጎማ ይነፋል?"

"እማ፣ ሽቦ ጎማ ይነፋል ወይ ይላል።"

"ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ንገሪው። እኔ ጎማ ንፉልኝ አላልኩም፣ እህቴን አምጡልኝ ነው ያልኩት። ሽቦ ይሁን።"

ኛዋል ወደሱ ዞረች። "የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ ብላለች።"

እዚያው ቆሜ! ከኋላዋ! ቃሌን ወስዳ ሌላ አድርጋ ሰጠችው። አፌን ብከፍት ወግ አፍራሿ እኔ ነኝ።

ሺፋ እኛን ሲያይ ቆይቶ፣ "እዚህ አገር ሁለት ሰው ለማውራት ሦስት አፍ ያስፈልጋል እንዴ?" አለ።

ቤት ስንገባ ጠየቅኳት። "እንዳትጣሉ ብዬ ነው እማ።" በምን አፋችን እንጣላ?

ሰኞ፣ ግንቦት 9

አየር ሆነ። ከካምፓላ ታዟል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 3

ዛሬ ተገጠመ። ይሠራል፣ አልክድም። በራችን ላይ ያ ጭቃ ውስጥ ሆን ብሎ ገባ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ቧጠጡ፣ ወጣች። ሰፈሩ አጨበጨበ። "አየሽ እማ?" ትለኛለች ኛዋል። አየሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

መኪናዬ ጎማ ነፊ ሆነች።

ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ከጠዋት ጀምሮ ይመጣሉ። "ዊዩአል! ትንሽ አየር!" "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ና!" ሳንቲም አይቀበልም፣ ምስጋናው ነው የሚጣፍጠው። "ሹክራን፣ አለቃ" ሲሉት አንገቱ ይረዝማል። ለሞተሩ፣ ለጋሪው፣ ዛሬ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ቡድን ኳስ። ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይጮሃል፤ ግቢዬ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

"ይተው በይው" አልኳት ኛዋልን።

"ነግሬዋለሁ እማ።"

ምን ብላ ነግራው ይሆን?

እሑድ፣ ሰኔ 20

የእህቴ ልጅ ደውሎ ስልኩን ለሷ ሰጣት።

"አንቺ ነሽ? ድምፅሽ አርጅቷል" አለችኝ።

"ያንቺስ?"

ሳቀች። ሳል አቋረጣት። "ቶሎ ነይ። መሳቁም ይደክመኛል" አለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 22

ነገ እንሄዳለን። የኛዋል ሕፃን ትኩሳት ይዞታል፣ እሷ ትቀራለች። ጋቢና ከአማቼ ጎን አልቀመጥም። ለኛዳክ የያዝኩት ፍራሽ አለ፣ ከኋላ እሱ ላይ እሆናለሁ።

ማታ እሱና ኛዋል ከአጥሩ ወዲያ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ገብታ ዕቃ ስቋጥር ቆማ አየችኝ።

"ምን ይላል?"

"ምንም። መንገዱ ከባድ ነው ይላል።"

ይሄን ማን አጣው?

እሑድ፣ ሰኔ 27፣ ቦር

ኛዳክ የለችም። እኛ ስንደርስ ቀብረዋታል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

ልጻፈው። ሌላ የምሠራው ነገር የለም...

ከጁባ ወጥተን ማንጋላ የሚባለውን መንደር አለፍን። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰዎች አሳዩን፤ በሣሩ በኩል ዞሮ የሚሄደው ሩቅ ነው ግን ደረቅ ነው። ቀጥታው ጭቃ ነው፣ ሎክ ያለው ብቻ ይሞክረው አሉ። ዊዩአል ቆመ። አንገቱን አውጥቶ ጭቃውን አየ፣ ወደኔ አላየም። ትእዛዜን የሚጠብቅ መሰለኝ። ሎክ አለን፣ እህቴ ትጠብቀኛለች... የጋቢናውን ጣራ በመዳፌ መታሁት። ሂድ!

ሄደ። መሃል ላይ እስከ ሆዷ ሰጠመች። አንዱ ጎማ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሟል።

ወርጄ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። እሱ ተንበርክኮ ከጎማው ሥር በእጁ ይዝቃል። መሃላችን ሰው የለም። "ለምን አልቆለፍከውም?" አልኩት። እኔው ራሴ፣ በአፌ።

ደንግጦ ፊቱን አዞረ። ለጎማው ነው የመለሰው። "አየር የለም። ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል። ሺፋ ሌላ እስኪያስመጣ እንቆይ፣ ወይ እናትሽ በጭነት መኪና ትሂድ ብዬ ለኛዋል ነግሬ ነበር። አማቴ ይሄን እያወቀች ሂድ ካለች... እኔ ማን ነኝ እምቢ የምል?"

ተቀመጥኩ። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

የሚጎትት ትራክተር እስኪመጣ እዚያው አደርን። ልጇ እንደሚለው ኛዳክ ያረፈችው በዚያችው ሌሊት ነው። "መኪና ይሰማኛል" ስትል ነበር አለ። ባይነግረኝ ምን ነበር?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10

ጁባ ከገባን ወዲህ አልጻፍኩም። ይህን የአማርኛ ፊደል ጋምቤላ በማታ ትምህርት የተማርኩት ጥርሴ መርገፍ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ዘንድሮ የጻፍኩበትን ሳየው ባልተማርኩ አሰኘኝ።

ኛዋል ታለቅሳለች። "ስትቋጥሪ አይቼ እንዴት ልንገርሽ? እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር።" ልጄ ናት። እሷን ምን አደርጋለሁ? ኮምፕሬሰሩን ለኳስ ያቃጠለው ግን እሱ ነው። ይሄን ማንም አያስክደኝም።

ዛሬ ከሰዓት ለቅሶ የመጡ ዘመዶች ግቢው ውስጥ ነበሩ። ከአጥሩ ወዲያ የዊዩአል ድምፅ መጣ። "ኛዋል፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ሺፋ አየሩን አውጥቶ ሽቦውን ያስገባ ወይ?"

ኛዋል አፏን ሳትከፍት ተነሳሁ። አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ሲያየኝ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ክንድህን አውርድ" አልኩት።

አላወረደም።

"አውርድ ዊዩአል። የእህቴን መቃብር አይቼ ነው የመጣሁት፣ ምንም አታደርገኝም።"

አወረደ። እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። አይኑ ቀልቷል። ልጅ ነው ለካ።

"ሽቦው ይግባ። እስኪገባ መኪናዋን አትነካትም። ለቦዳዎቹም አየር የለም በላቸው።"

"እሺ" አለ። ለኔ ነው ያለው፣ ለጎማ አይደለም።

ዘመዶች ጉድ አሉ። አንዷ አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ምን ዓይነት አማት ናት?" ስትል ሰማሁ። ይበሉ። ይቅር ብላው ነው የሚሉም አሉ። አላልኩትም። የምለውም አይመስለኝም።

ብቻ ከእንግዲህ ለዊዩአል በልጄ አፍ አልናገርም።