ሃምሳ በመቶ ተቀንሶ ሃምሳ በመቶ ስለተጨመረበት የንያቺሉንዶ ፓምፕ

ለክቡር አቶ ዊስኬስ ማጋሌታ፣ የወረዳችን የውኃ ጉዳይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። የቢሮዎ ቧንቧ ሌት ተቀን እንደሚፈስ ስለሰማሁ፣ ውኃ ይጠማዎታል ብዬ አልሰጋም። እኛም በሺሬ ወንዝ ዳር ያለነው፣ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አንድም ሰው አልጎደለብንም።

በበጋው የፓምፑ ውኃ ስለሸሸ፣ በቀን ለስምንት ሰዓት ይከፈት የነበረው ቁልፍ በሃምሳ በመቶ እንዲቀነስ አዘዙ፤ አራት ሰዓት ሆነ፤ ቻልነው። ዝናቡ ገብቶ ውኃው ሲመለስ ደግሞ፣ ሃምሳ በመቶ ስለተጨመረ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል የሚል ማስታወቂያ በአጥሩ ላይ አስለጠፉልን። ስለ ቸርነትዎ እጅ እየነሣሁ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የቀነሱት የስምንቱን ግማሽ ነው፤ የጨመሩት ግን የአራቱን ግማሽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ብወጣም፣ ስድስትን ስምንት የሚያደርግ ጥበብ ላይ ለመድረስ አልታደልሁም። በድስቴ ስምንት አምባዛ ዓሣ ቢኖር፣ አራቱን ወስደው ሁለቱን መልሰው ድስትሽ ሞላ ቢሉኝ፣ ለክብርዎ ስል ዝም እል ይሆናል፤ የሚበሉት ግን ዝም አይሉም።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ ለፓምፑ ዘበኛ ለምዋንዛ ባስረዳው፣ «እማማ፣ ሃምሳ ወሰድን፣ ሃምሳ መለስን፤ እኩል ለእኩል! ደግሞ የምን ንዝንዝ ነው?» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሠራተኛዎን እንዲህ አሳምረው ስላሠለጠኑት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። የጎደለው ሁለት ሰዓት ከስምንቱ ሃያ አምስት በመቶ ነው፤ ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው ከእያንዳንዱ ባልዲ ሩቡ የቀረ ይመስላል። በመንደራችን ግን የባልዲ ሰልፍ የሚያዘው በነባርነት ነው፤ ቀድሞ የሰፈረ ከፊት፣ እንደ እኛ ጎርፍ አፈናቅሎ ያመጣው ከኋላ። ስለዚህ የፊተኞቹ ባልዲ መቶ በመቶ ይሞላል፤ የኋለኞቹ ጠብታ አያገኝም። ቁልፉ ሲዘጋ አዞ ወዳለበት ወንዝ የሚወርዱት ሁልጊዜ እነዚያው ሴቶች ናቸው።

ምራቴ ፋይነሲ ከነሱ አንዷ ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። ባለፈው እሑድ አዞው ባልዲዋን ከእጇ መነተፋት። «አይዞዎት እማማ፣ የበላው ባልዲውን ነው፤ እኔ አለሁ» እያለች ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅሁም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ነገም ወደዚያው ትወርዳለችና።

የምለምንዎ ቀላል ነው። በአራቱ ሰዓት ላይ «መቶ በመቶ ጨምሬያለሁ» ብለው ሌላ ማስታወቂያ ያስለጥፉ፤ የእርስዎም ስም ይገናል፣ ስምንቱም ሰዓት ይሞላል።

ሙሉውን አክብሮቴን፣ አንድም በመቶ ሳላስቀር፣ በፊትዎ አኖራለሁ።

ኤሊናቲ ቻፉካ፣ ከሰልፉ መጨረሻ

ማስታወሻ፦ መቶኛን ልታስረዱን ሐሙስ ከቢሮዎ አራት ሰዎች ሆናችሁ እንደምትመጡ ሰምተን ደስ ብሎናል። ባልዲዎቻችሁን ከኋላ እናሰልፍላችኋለን። የአራት ሰው ሃያ አምስት በመቶ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ማን እንደሆነ መኪና ውስጥ ሳላችሁ ተነጋግራችሁ ብትመጡ ጊዜ አይባክንም።