አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ያልኩት ዕጣ

ኅዳር 22 ቀን 1978፣ እሑድ

…ጋሽ ሙላቱ የዕጣውን ወረቀት ሲገልጡት ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን አልጨረሱትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የዛሬውን ነው የምነግርሽ፣ ደብተሬ። አትላንታ አጠገብ፣ ታከር፣ እትዬ ዘነቡ ቤት፣ የእቁብ ቀን። ዕጣው ለጋሽ ሙላቱ ወጣ። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ዓመት ሙሉ ይህን ዕጣ ሲጠብቁ ነበር። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ ኢንተርቪው አወራሁ። በግንቦት ከሕክምና እመረቃለሁ፤ ሐኪም ሆኜ ለመሥራት ግን ሥልጠና የሚሰጠኝ ሆስፒታል ያስፈልገኛል። ሆስፒታሎቹ ለኢንተርቪው በየከተማው ይጠራሉ፤ አውሮፕላኑም ሆቴሉም በተማሪው ኪስ ነው። ጋሽ ሙላቱ ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲያው አንተ ውሰደው፣ ዶክተር» አሉ። ኧረ አይሆንም አልኩ። «ውሰድ እንጂ።» ወሰድኩ። ዋስ የሆኑኝም እሳቸው ናቸው።

ኅዳር 27፣ ዓርብ፣ ቺካጎ

በረዶ። ሆቴል። ከሰዓት በኋላ። ሦስት ሐኪሞች ጠየቁኝ። ከሌሎቹ ለይተን አንተን ለምን እንምረጥ አሉ። እሱን እናንተ ብትፈርዱ ይሻላል አልኩ፣ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንደኛው የሆነ ነገር ጻፈ። ቀጥሎ ምሳ ጋበዙኝ። ጠግቤያለሁ አልኩና ደግመው እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉኝም። እያወሩ በሉ፤ እኔ ውኃ ጠጣሁ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ከዚያ አያስቀኝም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ጋሽ ሙላቱ አልመጡም፤ መዋጮውን በሰው ላኩ። ሳህን ሳነሳ እትዬ ዘነቡ ማድ ቤት ያዙኝ። «አንተ የማን አገር ልጅ ነህ? አንዴ እምቢ ብሎ የሚወስድ አየሁ።» ጋሽ ሙላቱ ውሰድ ያሉኝ ለወጉ ነው። ሦስቴ እንድመልስላቸው ጠብቀው ኖሯል። ለካ ዕጣው የባለቤታቸው መምጫ ነበር። እትዬ እቴነሽ ካርቱም ናቸው። የመግቢያ ወረቀታቸው ተጠናቋል፤ የቀረው ትኬት ብቻ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኩ። «የሰጠሁህን መልስ ይበልህ? ሙላቱን አታውቀውም።»

እዚህ ቶሎ ተቀበልኩ። ቺካጎ እምቢ አልኩ። ሁለቱንም ገልብጬ።

ታኅሣሥ 8

ሆስፒታል፣ ዋርድ። አንዲት ታማሚ ለምን እንዳዘንኩ ጠየቀችኝ። እኔ ነበርኩ እሷን የምጠይቅ።

ታኅሣሥ 10፣ ኀሙስ

ለኢንተርቪው ወደጠሩኝ ወደ ቦስተንና ወደ ሲያትል ደውዬ ካንስል አደረግኩ። አንዷ ጸሐፊ ምክንያቱን ጠየቀች፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም። የቀረኝ እዚሁ አትላንታ ያለው አንድ ሆስፒታል ነው። እሱ ካልወሰደኝ፣ ዓመቱ ሄደ።

ያልተነካውን የእቁብ ገንዘብ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አቮንዴል፣ ጋሽ ሙላቱ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ሙላቱ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ሥራ ሊወጡ ነበር። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቺካጎ የበላው ጎድሏል፣ ቀስ ብዬ እሞላለሁ አልኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ለእትዬ እቴነሽ አልኩ። ስማቸውን ስጠራ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ነገረህ?»

ፖስታውን እንደያዙ ሌላውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ ሊገፉኝ ይሁን ሊይዙኝ አላወቅሁም። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሱ። በሩ ተዘጋ።