የጁስ ቤቱ ቅርጫቶች ለምን ያበራሉ?

ለተከበሩ የገበያችን ጽዳት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ቤተሰብዎ እንዲለመልም፣ ያ ነጭ ሸሚዝዎም በእኛ መደዳ ሲያልፍ አንዲት ጠብታ እንዳታርፍበት ከልብ እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴን፣ ባለ ጁስ ቤቱን፣ “ቆሻሻ በመለየት አርአያ የሆነ ነጋዴ” ብለው በሁላችን ፊት ሲሸልሙት ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። የቀናሁ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው፤ ቀንቼ ስለነበር ግን መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

እኔ ከጁስ ቤቱ ፊት ለፊት ያለሁት አትክልት ሻጭ ነኝ። የቀን ውሎዬን በደብተር የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ ቅሬታዎቼን ደብተሬን ገልጬ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ገምጋሚ ኮሚቴዎ የጁስ ቤቱን ሦስት የቆሻሻ ቅርጫቶች ከፍቶ “እንደ መስታወት ያበራሉ” በማለት ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል። እውነት ነው፣ ያበራሉ። ቀኑን ሙሉ ማንጎና ብርቱካን ሲልጥ የሚውል ቤት ልጣጩን የት እንደሚያደርሰው የጠየቀ ግን አልነበረም። ከሰባት ወር በፊት፣ ለኮምፖስቴ፣ ማለትም ለተፈጥሮ ማዳበሪያ ክምሬ፣ እርጥብ ነገር ቢያስፈልገኝ፣ ልጣጩን እንዲሰጠኝ የለመንኩት እኔው ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ሙሉ የማነሣው፣ ከመሐሉም ስትሮና የፕላስቲክ ኩባያ እየለቀምኩ የምለየው እኔው ነኝ። ባለቤቴ የሽልማቱን ወሬ ስትሰማ “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ” አለችኝ። እኔም ሽንኩርት መደርደሬን ቀጠልኩ።

፪ኛ. የኮሚቴው አባላት እኔ ዘንድ ሲደርሱ “ሽታ አለ” ተብሎ አምስት ነጥብ ተቀነሰብኝ። ክምሩ የዚያን ቀን የሸተተው አፈር አፈር ነበር። ቅጠልና ልጣጭ ወደ አፈርነት ሲለወጥ ሽቶ ሽቶ እንዲል ማድረግ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ከገበያው የኋላ በር አጠገብ ያለችው ክፍት ቦታ፣ የሰባት ወር ክምሬ ያረፈባት፣ ለተሸላሚው በሽልማትነት ለአንድ ዓመት ተሰጥታለች፤ እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳነሣ በደብዳቤ ታዝዣለሁ። ክምሩ ለመብሰል ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል፤ አሁን ከተበተነ ተመልሶ ቆሻሻ ነው። ጎረቤቴ በቦታው ጥላና ወንበር ሊዘረጋበት አስቧል። ቆሻሻ ስለለየ ተብሎ የተሸለመ ሰው ኮምፖስት አስነሥቶ ወንበር እንዲዘረጋ ለፈቀደው አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

፬ኛ. የምስክር ወረቀቱ የተሰቀለው ልክ ከሚዛኔ ትይዩ ነው። ድንች በመዘንኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ጎረቤቴም ሲያየኝ “አይዞህ ወንድምዓለም፣ የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው!” እያለ ያጽናናኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ልጣጭ ማንሣት አቁሜአለሁ። ለጎረቤቴም ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ፤ ሳቀ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ያው ኮሚቴ መጥቶ እነዚያኑ ሦስት ቅርጫቶች ዳግም ይክፈት፣ የቦታው ጉዳይም ከዚያ በኋላ ይወሰን። ያን ጊዜም የሚያበሩ ከሆነ ክምሬን በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ እለቃለሁ፤ ወንበሮቹንም ራሴ እደረድርለታለሁ።

በነጥብ ከሁሉም ያነስኩ፣ በአክብሮት ግን ከማንም የማላንስ፣

ታዛዥዎ አትክልት ሻጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠራተኞችዎ የምስክር ወረቀቱን ሰቅለው ሲሄዱ የመጣበትን ካርቶን፣ ላስቲክና የበሉትን የሙዝ ልጣጭ ባንድ ፌስታል አጭቀው ደጄ ላይ ትተውት ሄደዋል። አያስቡ፣ ለይቼዋለሁ።