አባባን እንቢ ያለችው ካርድ

ማክሰኞ

ሠራች! ካርዷን ማንበቢያው ውስጥ ከትቼ አራቱን የሚስጥር ቁጥር ስነካ ላፕቶፑ «ተገኝቷል» አለ። ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ዶሮዎቹ በረገጉ።

ካርዷ ላይ ያለችው ቺፕ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ግን የራሷ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አላት። የምትሰማው ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጃቫም የጾም ጃቫ! ቦታ ስለሌላት ሥጋውም ቅቤውም ወጥቶለታል።

ሐሳቤ፦ ለቀብር የመጣ የእድር አባል በካርዱ ይመዝገብ። ቅዳሜ ሞጣ ከተማ የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር አለ። ካሸነፍኩ የክረምቱ ሥልጠና የኔ ነው። አያቴ አባባ ግን የእድር ዳኛ ናቸው፤ ቤቱንም እንደ እድር ነው የሚዳኙት። «መጀመሪያ እድሩ በዓይኑ ይየው። ካልረባ ሞጣ የለም» ብለዋል።

ረቡዕ

ጉዴ ፈላ።

ሽማግሎቹ መጡ። ካርዷ የአባባ ናት፤ ማታ ቁጥሩን ራሳቸው ቀይረውታል፣ አሁን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አባባ ይንኩ ብል፣ ባለቤት ቀድሞ እንግዳ ሊያይ ነው? ነውር! «በሞቴ አንተ ቅደም።» «ኧረ አንተ!» በመጨረሻ በዕድሜ ተራ እያንዳንዳቸው የመጣላቸውን ቁጥር ነኩ። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ እንድትዘጋ ነው የጻፍኩት። ልናገር ስል አባባ በዓይናቸው አፌን ዘጉት።

እሳቸው መጨረሻ ላይ ትክክለኛውን ነኩ። «ተዘግቷል» አለቻቸው።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሞላ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «የኔ ደብተር ዳኛውን ረስቶ አያውቅም» አሉ። ሁሉም ሳቁ። አባባ አልሳቁም።

ሐሙስ

የተዘጋ ካርድ የሚከፍት ትእዛዝ አልጻፍኩም። ብልጥ ነኝ አይደል!

ለውድድሩ ቀድመው ሞጣ ለሄዱት ለኮምፒውተር አስተማሪዬ ለመምህር ደሳለኝ ደወልኩ። «ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደገና እንጭነዋለን። የመጫኛው ቁልፍ፣ ያ ረጅሙ የሚስጥር ቁጥር፣ እኔ ጋ ነው፤ ካርዷን ይዘሽ ነይ።»

እንዴት ልምጣ? ሞጣ ለመሄድ ካርዷ መሥራት አለባት፤ ካርዷ እንድትሠራ ሞጣ መሄድ አለብኝ።

«አባባ፣ ጥፋቱ እኮ የካርዷ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ የማን ነው? የኔ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ዓርብ

ከተማ ውስጥ ቀብር ነበር። አባባ ተኮሳትረው ገቡ። ጋሽ ሞላ ያልመጣውን የገዛ እህታቸውን ልጅ መጣ ብለው ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል፤ በሁሉም ፊት፣ ሳያፍሩ።

«ያቺ ነገርሽ እኔን እንቢ አለችኝ አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሞላንም እንቢ ትላለች?»

«ማንንም። ባለካርዱ ራሱ መጥቶ ቁጥሩን ካልነካ አትመዘግብም።»

ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት መቱ። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ካርዷ እኮ አሁንም ዝግ ናት።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

መምህር ደሳለኝ ቁልፉን አስገቡ። ቁልፉን ደጋግሞ ለሳተ ካርዷ ለዘላለም ትሞታለች። መጀመሪያ ሳቱ። ቀጥሎ ተቀበለቻቸው። አሮጌውን ፕሮግራም አጠፋንና አዲሱን መጻፍ ጀመርኩ።

«ምን እየጨመርሽ ነው?» አባባ ከኋላዬ።

«መክፈቻ። ለተዘጋበት ሰው።»

«ማን ይይዘዋል?»

«ዳኛው። እርስዎ።»

«እኔ ብቻዬን ከያዝኩማ ከሞላ በምን ተሻልኩ? የእድሩ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ቁልፍ ያዦች ካልቆሙ አይከፈትም። እንዲያ አድርጊው።»

መምህር ደሳለኝ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። አባባ ከዛሬ በፊት ኮምፒውተር የሚያውቁት አቧራ ሲጠረግለት ነው! ግን ልክ ናቸው።

ሁለቱ ቁልፍ ሠራ። ሦስተኛውን ስጨምር ካርዷ ቦታ የለኝም አለች። ምን እንደምቀንስላት ግራ ገብቶኝ፣ እጄ እንዲያርፍ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ተራዬ ከሁለት ልጆች በኋላ ነው። አባባ ለመምህር «ትጨርሳለች» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እንኳ እንጃ።