የእናቴ ተንኮል

እሑድ፣ ጁላይ 19፣ 1942
ዝናብ። ጭቃው የወይዘሮ ቬርትሃይመርን ጫማ ዋጠ። ስልሳ ሴት የታጨቅንበት የእንጨት ቤት አለቃ ናቸው። በአንድ እግር ቆመው ሲጣሩ የጫማው ቀብር በስንት ሰዓት ነው አልኳቸው። እናቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። አይሁድ ናችሁ ብለው ከጀርመን፣ ከማንሃይም አግዘው ፈረንሳይ፣ እዚህ ጉርስ ካምፕ ካጎሩን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው... አንድ ቀን እንኳ ሳቅ አትልም። ከምን ተሠራች?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 4
የሚወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ይነበባል አሉ። ወደ ፖላንድ ነው ይላሉ። ለሥራ? ከሰማንያ ዓመት አሮጊት ጋር?

ረቡዕ፣ ኦገስት 5
ጉድ! እናቴ ጸጉሬን እያበጠረች፣ «ትሩደ፣ አንድ ተንኮል እንሥራ?» አትለኝም? ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የጣሳ ወተት ይሰጣል አለች። «እኔን ጎረቤቴ ናት፣ እናቴ ሞታለች በይ።» የእንጀራ አባቴን ስላገባች የቤተሰብ ስማችን አይገጥምም፤ ማን ይነቃል? እኔ ደግሞ ለተንኮል ልለመን?

ቢሮ ገባን። መነጽራሙ መኮንን እናትሽስ ሲለኝ ሞታለች አልኩ። በሳንባ ምች... እንባ ሁሉ አመጣሁ። ወደ እናቴ ዞሮ፣ ይህችን ልጅ ታውቂያታለሽ ወይ አላት።

«አጠገቤ ነው የምትተኛው። ባለጌ ናት።»

ሳቄን በሳል ደበቅኩ። ጻፈ። ወተቱስ ስላት፣ ነገ አለች። እጄን ምን እንዲህ አስጨበጣት?

ሐሙስ፣ ኦገስት 6
ዝርዝሩ ተነበበ። እናቴ አለችበት። እኔ የለሁም።

አፌን ስከፍት ወይዘሮ ቬርትሃይመር በመዳፋቸው አፈኑኝ። «ዝም በይ ልጄ። ወላጅን ከነልጁ ነው የሚወስዱት። የሚተዉት ወላጅ አልባውን ብቻ ነው።»

ወተት የሚባል ነገር የለም። አልነበረም።

ሻንጣዋን ይዛ መኪናው ላይ ወጣች። ዞር ብላ አላየችኝም። እኔም... ለጎረቤት ማን ያለቅሳል? ቆምኩ። እጄን እንኳ አላነሳሁም።

በገዛ አፌ ሞታለች አልኩ። እየሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 29
የእርዳታ ድርጅት ሰዎች የልጆች ማሳደጊያ ካስገቡኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ተራራ ላይ ነው። አንሶላ አለ። ነገ ፖሊሶች መጥተው ልጆቹን ይጠይቃሉ ተብሏል። እናቱ ተይዛለች የተባለውን ወደ እናቱ ሊወስዱት...

የሰባት ዓመቷ ሎረ አልጋዬ ላይ ወጣች። እማዬ ካምፕ ናት፣ ልንገራቸው? አለችኝ።

«ሞታለች በይ።»

«እማዬ ሞታለች» አለችና ሳቀች። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሁሉም ላይ አሾፍ ስለነበር፣ ዛሬም የማሾፍ መሰላት። እንደገና በይ አልኳት። ሳቋ ጠፋ።

«አልሞተችም እኮ፣ ትሩደ።»

አውቃለሁ አልኩ። እንደገና አስባልኳት።