የሰሌኑ አራተኛ ጠርዝ

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ጻፊ። «ደህና ነኝ» ብለሽ ግን አትጀምሪ፣ ደህና አይደለሁም። ሰርቪስ ቤት ከተዘጋብኝ ዘጠነኛ ቀኔ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፈው ልጄ አስቴር ናት። መምህርት ናት፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እሷ በረንዳ ላይ ጭንብሏን አድርጋ ትቀመጣለች፣ እኔ በመስኮት እናገራለሁ። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

የሆነው ይኼ ነው። ወንድሟ ግርማ የጅቡቲ መኪና ሹፌር ነው። መጥቶ አንድ ቀን ከእኛ ጋር አደረ። በማግስቱ በሽታው ተገኝቶብሃል ብለው ደወሉለት፣ አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። እኛን አሥራ አራት ቀን ከግቢ አትወጡም አሉን። እኔን ደግሞ ሽማግሌ ነው ብለው ለብቻዬ ለዩኝ።

ዛሬ አስቴር፣ «አባባ፣ እጅ ሥራ ከያዘ ሐሳብ ይቀንሳል እያሉ ነው በሬዲዮ» አለችኝ። እኔ ሐሳብ የለብኝም። ግን እሺ አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ ዘሀራ አለች፣ የወሎ ሰው፣ ሰሌን ነጋዴ። ገበያው ስለተዘጋ ዘንባባው ቤቷ ተከምሮባታል። አንድ እስር በአጥሩ ላይ ወረወረችልኝ።

«አባባ ደምሴ፣ እጅዎ ከረሳው ለፍየሌ ይመልሱልኝ።»

«ፍየልሽ ጾሟን ታድራለች» አልኳት።

ሰሌን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ አዋሽ ዳር፣ በልጅነቴ። ስድሳ ዓመት አልነካሁትም። ማታ ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ነከርኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

እጄ አልረሳም።

ሰሌን መጀመሪያ እንደ ቀበቶ ጠባብ ሆኖ ይጎነጎናል። ከዚያ ቀበቶው ጎን ለጎን እየተገጠመ በወስፌ ይሰፋል። ጠዋት ጀምሬ እስከ ምሳ አሥር ክንድ ጎነጎንኩ። አስቴር ፎቶ አንስታ ለዘሀራ ላከችላት። ዘሀራ ምንም አላለችም። ካልሰደበች አድንቃለች ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለኝን ልንገርሽ። አልጋ። ባልዲ። ሬዲዮ። ወስፌ። መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጡሩምባ።

ጡሩምባው የእድሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ በየመንገዱ ነፍቼ፣ ስሙን እጠራለሁ። ወረቀት ይዤ አላውቅም፣ አንድም ስም አልተሳሳትኩም። የሳጥኑንም ልክ የምናገረው እኔ ነበርኩ፣ ሬሳውን ቆሜ አይቼ፣ ያለ ሜትር። ዓይኔ አይስትም። አናጢው ይመስክር።

አሁን ጥሪ የለም፣ ድንኳን የለም። ሰው ይሞታል፣ አምስት ስድስት ሆነው ቀብረው ይመለሳሉ። ሁለት ወር ሙሉ በሰፈሬ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አላውቅም። መንገዱ ጭር ብሏል። ንፋሱ ብቻ አቧራውን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፣ እኔ እዞር እንደነበረው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ግርማ ደወለ። አስቴር ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሰሌን እየሠራሁ ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለአንተ ነዋ። ስትመጣ ግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ትተኛበታለህ።»

ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ብዙ ሳለ። ከዚያ «ቻርጅ እያለቀ ነው» ብሎ ዘጋ።

ከሰዓት መስፋት ጀመርኩ። ለግርማ ልክ መለኪያ አላስፈለገኝም። እኔና እሱ አንድ ቁመት ነን፣ ጫማችን ሁሉ አንድ ነው። ወስፌው ጥሩ ይሄዳል። ስሰፋ ስለ ሳሉ አላሰብኩም። ይኼን ጻፊው፣ ሬዲዮው እውነት ብሏል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ።

አንዴ። ረጅም። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ አፌ ደርቆ፣ እጄ ብርድ ልብስ ውስጥ። ጡሩምባው ምስማሩ ላይ ነው። አልተነቃነቀም።

ጎረቤት ሁሉ ጭንብሉን እያጠለቀ በየደጁ ወጣ። «ማን ሞተ?» ይባባላሉ። ቆመው ቆመው ገቡ።

የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ ወዲያው ደወለ። የጠዋት ሰላምታውን፣ «አከም ቡልተን» እንኳ በደንብ ሳይል፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ጥሪ ተከልክሏል ተባብለን አልነበረም?»

«አልነፋሁም።»

«ታዲያ ማን ነፋው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

አስቴር ንፋስ ነው አለች። የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሯል፣ እውነት ነው። ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ንፋስ ነፍቶት አያውቅም። እሱን መንፋት ሳንባ ይፈልጋል። ጨርቅ ጠቅጥቄበት መልሼ ሰቀልኩት።

ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። ቀና አላልኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

የግርማ ስልክ ዝግ ነው። አስቴር ልትደብቀኝ ሞከረች። ከረቡዕ ጀምሮ ዝግ መሆኑን በእጇ አውቄያለሁ፣ ስልኩን በየደቂቃው ታገላብጣለች። ግርማ የተኛበት የሕክምና ማዕከል ጋ ደወለች። «እናጣራለን» አሏት። እስካሁን እያጣሩ ነው።

ሌላም አለ። ይኼን ስነግራት መጻፍ አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ሰሌኑ አልቋል። ጠዋት መሬት ላይ ዘርግቼ አየሁት። እናቴ የመኝታ ሰሌን ስትሠራ አራቱንም ጠርዝ አጥፋ ትዘጋለች። የሬሳ ሲሆን ሦስቱን ዘግታ በራስጌ በኩል ያለውን ትተወዋለች፣ «እሱን አፈር ይዘጋዋል» ትል ነበር። እኔ ያንን ከልጅነቴ ጀምሮ አላሰብኩትም። እጄ ግን ሦስቱን ዘግቶ፣ ቅጠሉን ጨርሶ፣ የራስጌውን ከፍቶ ቁጭ ብሏል።

የመኝታ ነው ብዬ ጀመርኩ። የሠራሁት የሬሳ ነው። በልጄ ልክ።

አራተኛውን ልዝጋው ብዬ ቅጠል ፈለግሁ። አንዲት የለችም። አስቴር ወደ ዘሀራ ተጣራች። የቀረውን ዘንባባ ትላንት ለወለንጪቲ ሰው ሰጥታዋለች። ልፈታው ሞከርኩ። ስፌቱ አጥብቋል፣ እኔ ነኝ ያጠበቅሁት። ወስፌው አውራ ጣቴን ወጋኝና ደሜ ነካው። ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ሰሌኑን ጠቅልዬ ጥግ አቆምኩት። ቆሞ ሰው ይመስላል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ ከኋላዬ የሚያየኝ መሰለኝ። እኔ ስንት ሬሳ ገንዤ ያልፈራሁ ሰው ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ አስቴር ሳህኑን መስኮቱ ላይ ልታስቀምጥ መጥታ ቆመች። «አባባ፣ ምነው ዘረጉት?» አለች። ዞር አልኩ። ሰሌኑ ጥቅልሉ ተፈትቶ፣ ክፍት ጠርዙን ወደ በሩ አድርጎ ተዘርግቷል። አልዘረጋሁትም። የጡሩምባው ጨርቅም መሬት ወድቋል።

ንፋስ ነው አላለችም ዛሬ።

ምሳ አልበላሁም። ማዕከሉ አልደወለም። ሌላ የምናገረው የለኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ግርማ መጥቷል።

ዛሬ ኢድ ነው። ወትሮ ሰዉ ነጭ ለብሶ መንገዱን ይሞላው ነበር፣ ዛሬ ተክቢራው ከየቤቱ ብቻ ይሰማል። አስቴር በሩ ሲንኳኳ ዘሀራ ምግብ የላከች መስሏት ከፈተች። እሱ ነው፣ ከስቶ፣ ፌስታል ይዞ። ሁለቴ መርምረው ነፃ ነህ ብለው ለቀውታል። የእኛም አሥራ አራት ቀን አልቋል፣ የክፍሌም በር ተከፈተ። አላቀፍኩትም፣ ክልክል ነው ብላኛለች አስቴር። ትከሻውን በከዘራዬ ነካሁት።

«ስልክህስ?» አልኩት።

«ከጎኔ ለተኛው ሰውዬ ሰጠሁት። ልጆቹ ጋ ልደውል አለኝ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሞተ፣ ዕቃውን ሲወስዱ ስልኩም አብሮ ሄደ።»

አስቴርና እኔ ተያየን።

«ስሙ ማን ነበር?»

«አላወቅሁም አባባ። ከአቦምሳ ነኝ ይል ነበር። ማንም አልመጣለትም።»

የጡሩምባውን ጨርቅ ከመሬት አንስቼ መልሼ አልጠቀጠቅሁበትም፣ ጠሪ ላጣ ሰው ነው የጮኸው።

ከዚያ ግርማ ሰሌኑን አየ። «ይኼ ነው የኔ?» ብሎ፣ አትንካ ሳልለው፣ ጋደም አለበት። እግሩ ከነቁርጭምጭሚቱ ወጣ።

«አባባ፣ አጭር ነው።»

«አይደለም። አንድ ቁመት ነን።»

«ነበርን» አለች አስቴር። «እርስዎ አጥረዋል እኮ።»

ተሳሳትኩ። ጻፊው። ደምሴ ልክ ተሳሳተ ብለሽ ጻፊ፣ በትልቁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተሳሳትኩበት ቀን የለም።

እነሱ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ እኔም ጋደም አልኩበት። ከራስ እስከ እግር ልክ ሆነ፣ አንድ ጣት እንኳ አልተረፈም። ዓይኔ እንዳልሳተ ያኔ ገባኝ። ይኼንንም ጻፊ፣ አታልቅሺ።

ከሰዓት ዘሀራ የኢድ ምግብ በአጥሩ ላይ አቀበለች፣ ሳህኑ ላይ አንድ ጭብጥ ዘንባባ አድርጋ። አልጋዋ ሥር አግኝታ ነው። «ፍየሌ እምቢ አለችው» አለች።

ነከርኩት። ጥላው ሥር ተቀምጬ፣ ግርማ እያየኝ፣ አራተኛውን ጠርዝ አጠፍኩና ዘጋሁት። የመጨረሻዋን ስፌት ሁለቴ ቋጠርኳት።

አሁን የመኝታ ነው። ዛሬ እኔ እተኛበታለሁ፣ ነገ ጠዋትም ከላዩ እነሳለሁ።